በድሬ (ድሬ ዳዋ) ያለ ትንሽ ኮሌጃችን የቀድሞ ስፖርተኞቹን እንዴት አከበረ

ከሥራው ሁሉ ቀላሉ የዝግጅቱ ቀን ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ድምፅ ማጉያ ይመጣል። አስቸጋሪው በክብር ሰሌዳው ላይ ከተከባሪው ስም ሥር የምትጻፈው አንዲት መስመር ናት፤ «በ1976 ዓ.ም. በ1500 ሜትር 1ኛ» የምትለዋ። እሷ ከተሳሳተች ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ዕድሜ ልክ ታከራክራለች። ስለዚህ ከድንኳኑ በፊት ጉልበታችንን የጨረስነው በማጣራቱ ላይ ነበር።

መጀመሪያ ማን ይከበራል የሚለው በጽሑፍ ሰፈረ። ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፦ ከሬጅስትራር አንድ፣ የስፖርት መምህር፣ ከቤተ መጻሕፍት አንድ፣ በተለያየ ዘመን የተመረቁ አራት። ጎዶሎ ቁጥር የተመረጠው ድምፅ እኩል እንዳይወጣ ነው። ዘመዱ የታጨበት አባል በዚያ ስም ላይ እጁን አያወጣም። ድሬ ላይ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ስለሆነ ግን «ዘመድ» እስከ የት እንደሚደርስ ቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል፤ እኛ እስከ አጎትና አክስት ልጅ አቆምነው። ከተመረቀ አምስት ዓመት ያልሞላው አይታጭም። ቡድን ሲታጭ ተቀያሪዎቹም፣ አሰልጣኙም፣ ሜዳውን በኖራ ሲያሰምር የኖረው ሠራተኛም አብረው ይገባሉ። ቮሊቦል ከሆነ ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሁለቱም ካልተጻፉ፣ ያልተጻፈው ሰው ቤተሰብ በማግስቱ ቢሮ ይመጣል።

ብዙ የሚያነታርከው ሌላ ነው። ድሬ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነባት ከተማ ናት፤ ቀን ኮሌጅ ተምሮ ማታ በክለብ ማሊያ የሚጫወት ሰው ሞልቷት ኖራለች። የክለቡ ዋንጫ የኮሌጁ ክብር ነው? የእኛ መልስ አይደለም የሚል ነበር። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው በኮሌጁ ማሊያ የተገኘው ብቻ ነው፤ የክለቡና የብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ በሚነበበው የምስጋና ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል። ይህን ሳይወስን የጀመረ ኮሌጅ፣ ስመ ጥር የክለብ ተጫዋች ስለሆነ ብቻ አንድ ሴሚስተር ተምሮ ያቋረጠውን ሰው ወርቅ ሲያጠልቅ ይገኛል።

ማስረጃውን በሦስት ከፈልነው። አንደኛው በወቅቱ የተጻፈ ነገር ነው፦ የውድድር ውጤት ቅጽ፣ ሰርተፍኬት፣ የኮሌጅ ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ቁራጭ። የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ይገኛል፤ ቀኑን ሳይዙ መሄድ ግን ጥራዝ ሲያገላብጡ መዋል ነው። ሁለተኛው ጽሑፍ ያለበት ሜዳሊያ ወይም ፎቶ ሲሆን፣ ከቡድኑ ውጭ የሆኑ ሁለት ምስክሮች ይጨመሩበታል። የፎቶውን ጀርባ ማየት አይረሳ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀን ያለው እዚያ ነው። ሦስተኛው ቃል ብቻ ነው። ቃል ብቻ ያለው አይጣልም፣ አይሰቀልምም፤ በተጠባባቂ መዝገብ ይቀመጣል። በደቻቱ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ወረቀታቸውን በ1998ቱ ጎርፍ ስላጡ፣ ለእነሱ የምስክሩን ቁጥር ወደ ሦስት ከፍ አድርገን ፎቶ ባይኖርም ተቀብለናል።

የዓመተ ምሕረቱ ነገር ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰርተፍኬት ላይ «1976» ብቻ ተጽፎ ሲገኝ የእኛ ይሁን የፈረንጅ አይታወቅም፤ በእንግሊዝኛ የተተየበ ከሆነ የፈረንጅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው አንድን ስፖርተኛ ከተመረቀ በኋላ ለኮሌጁ ሲያስሮጠው ይገኛል። የተማሪውን የመግቢያና የመውጫ ዓመት ከሬጅስትራር አውጥቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ስህተቱን ወዲያው ያጋልጣል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የድሮ ውጤት በእጅ የተያዘ ነው፤ በእጅ የተያዘ የ100 ሜትር ሰዓት በኤሌክትሮኒክስ ከሚያዘው በአማካይ 0.24 ሰከንድ ያንሳል። ሰዓት ያዡ የመነሻውን ጥይት ሰምቶ እስኪጫን ይዘገያል፣ መጨረሻው ላይ ግን ሯጩ ሲመጣ እያየ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የድሮው 10.9 የዛሬው 11.14 አካባቢ ነው። ድሬ ቆላ ብትባልም ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የተሮጠ አጭር ርቀት በዓለም ዝርዝሮች ላይ የከፍታ ምልክት ይደረግበታል።

ከሁሉ የባሰው ወጥመድ ሜዳው ራሱ ነው። በኳስ ሜዳ ዙሪያ በኖራ የተሰመረ አፈር 400 ሜትር ነው ብሎ ማመን አይገባም። የድሮው መስመር ምልክት ካለ በ50 ሜትር የብረት ሜትር ይለካ፤ ልኬቱ ከውስጠኛው መስመር 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ነው፣ ከፍ ያለ ጠርዝ ካለ ደግሞ 30። ዙሩ 380 ሆኖ ቢገኝ፣ በሦስት ዙር ከሦስት ሩብ የተሮጠው «1500» በእውነቱ 1425 ሜትር ነው። የጎደለው 75 ሜትር፣ 1500ን በ4 ደቂቃ ከ30 ለሚሮጥ ሰው 13 ሰከንድ ተኩል ያወጣል። እንዲህ ያለ «ሪከርድ» ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የዛሬ ተማሪ ዕድሜውን ሙሉ ቢያሳድደው አይደርስበትም። ደረጃ ግን አይዋሽም፤ ሁሉም የሮጡት ያንኑ ዙር ነው። ስለዚህ ለሩጫ ደረጃውንና የውድድሩን ስም ብቻ ጻፍን፤ ሰዓት የገባው በተለካ ስታዲየም የተሮጠ ሲሆን ነው፣ አጠገቡም «በእጅ ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል።

በሌላውም ስፖርት ደንብ ተቀይሯል። የወንዶች ጦር በ1978 ዓ.ም. የክብደት ማዕከሉ ወደ ፊት ተገፍቶ ርቀቱ ስላጠረ፣ ከዚያ በፊት የተወረወረው ከኋላው ጋር አይወዳደርም። ቮሊቦል በእኛ አቆጣጠር እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ አንዱ ዙር በ15 ያልቅ ነበር፤ 15 ለ 12 ያየ ወጣት የጽሑፍ ስህተት መስሎት ወደ 25 ሊያስተካክለው ይነሣል።

ስም የሚወሰደው ከባለቤቱ ነው። ቅጹ ላይ በገዛ እጁ እስከ አያት፣ በግዕዝ ፊደልም በፓስፖርቱ እንዳለውም ጽፎ ይፈርማል። ሐሰን ወይም ሀሰን፣ ኃይሉ ወይም ሃይሉ፣ ዓሊ ወይም አሊ የሚለው የኮሚቴው ሥራ አይደለም። ሜዳ ላይ የሚታወቅበት ቅጽል ስም ካለና ከፈቀደ በቅንፍ ይገባል፤ አንዳንዱን ሰው ድሬ በሌላ ስም አታውቀውም።

ረቂቅ ዝርዝሩ በኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳና በምሩቃኑ ቴሌግራም ለ30 ቀን ተለጥፎ ይቆያል። ቅሬታ በጽሑፍና በማስረጃ ብቻ።

ሰሌዳውን ከእንጨት ለመሥራት የሚያስብ ካለ ምስጥ መኖሩን ያስታውስ። ጀርባው አሉኮቦንድ (በአሉሚኒየም የተለበጠ ሰሌዳ)፣ በላዩ ለእያንዳንዱ ስም 15 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የተቀረጸ የናስ ሳህን ነው። አንድ ትልቅ ሳህን ላይ ሁሉን ስም መቅረጽ ይረክሳል፤ ሆኖም አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሁሉም ይጣላል። ባዶ ሳህኖችን በዚያው ትእዛዝ ላይ በሩብ ያህል ጨምሮ ማዘዝ ይሻላል፤ በኋላ የሚመጣው ቀለሙ አይገጥምም። ባለሁለት ፊት ማጣበቂያ በድሬ ሙቀት ይለቃል፤ በብሎን ይታሰር። መሸፈኛው አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ከሆነ ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳለት፤ አንድ ሜትር አክሪሊክ በ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፣ ጠባብ ቀዳዳ ካገኘ ከጥጉ ይሰነጠቃል። ወደ ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ፎቶን ያነጣል፤ ጣሪያ ያለው ኮሪደር ይመረጥ። የፊደሉ ቁመት ከ7 ሚሊ ሜትር ካነሰ የጨ እግሮች ሲቀረጹ ይጣበቃሉ። ፋይሉ ለቀራጩ የሚላከው ፊደሉ ወደ ቅርጽ ተቀይሮ በፒዲኤፍ ነው፤ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ዎርድ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። ናሙናውን ባለቤቱ አይቶ ካልፈረመ መቅረጫው አይነሣም።

ቀኑ በማስወገድ ነው የሚገኘው። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱና በርጫው (ጫት መቃሙ)። የቀረው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 4 ሰዓት ላይ ያልቃል። ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ይሁን፤ በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ዙሪያ ግን ሆቴልም መኪናም አይገኝም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ስለሚል ካላንደር ማየት ነው። ለምግቡ ፉል፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ሻይና ቡና በቂ ነው፤ ሥጋ ከሌለ የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ የለም፣ የገናን ጾም የያዘውም ይበላል፤ ፉሉ ላይ ቅቤ አይፍሰስ እንጂ።

ለአንድ ተከባሪ ሦስት ደቂቃ ይያዛል። 60 ቃል ያለው ጽሑፍ 40 ሰከንድ ያህል ይነበባል፤ ቀሪው ለመራመድ፣ ለሜዳሊያና ለፎቶ ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር ከ12 ስም አይበልጥ፤ ቡድን እንደ አንድ ስም ይቆጠራል፣ አባላቱ አብረው ይወጣሉ። የክብር እንግዳ ንግግር አንድ፣ አምስት ደቂቃ፣ መጀመሪያ ላይ። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት ነውር አይደለም፤ የሚነበበው ጽሑፍ ግን በ«እርሳቸው» ይሁን፣ ልጆቻቸው ቀርፀው ያስቀምጡታልና። ያረፉት በመጀመሪያ ይነበቡ፤ ማን እንደሚቀበልላቸው ቤተሰቡ ቀድሞ በፊርማ ያሳውቅ፣ መድረክ ሥር ወንድምና ሚስት እንዳይጨቃጨቁ። መድረኩ ደረጃ ሳይሆን ዘንበል ያለ መውጫ ይኑረው። ካባ ማልበስ በድሬ ፀሐይ ቅጣት ነው፤ በተጫወቱበት ዘመን ቀለም የተሰፋ፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ማሊያ ከካባው ይልቅ ይወደዳል፣ ዋጋውም ያንሳል። ለድምፅ ማጉያው ጀነሬተር ነዳጅ ተሞልቶ፣ ከማለዳው ተነስቶ ተሞክሮ ይጠብቅ።

ከዝግጅቱ በኋላ የማስረጃው ቅጂ በሬጅስትራር፣ በቤተ መጻሕፍትና በፍላሽ ሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ስም የራሱ ፎልደር ያለው ሆኖ፣ ውድቅ የተደረጉትም ከነምክንያታቸው። በተጠባባቂ መዝገብ ያሉት በየሁለት ዓመቱ እንደገና ይታያሉ፤ አዲስ ወረቀት ይዞ የመጣ ወረፋ አይጠብቅም።