ሥራን በፓወርሼል ወደ ጀርባ መላክ፦ እኔ ጋ እንዴት ሠራ
ብዙ ፎልደር ሙሉ ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጌ፣ የተበላሸ እንዳይኖር በሃሽ (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ መለያ ኮድ) ማረጋገጥ ነበረብኝ። ይሄ ሥራ ጊዜ ይበላል። የፓወርሼል (ኮምፒውተሩን በጽሑፍ ትእዛዝ የምታዝበት ፕሮግራም) ተርሚናሉም እስኪጨርስ ድረስ ተይዞ ይቆያል። ስለዚህ ለየፎልደሩ አንድ አንድ ጆብ (ከጀርባ ለብቻው የሚሄድ ሥራ) ከፍቼ ወደ ጀርባ ላክኩት።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ስታርት-ጆብ ብለህ ኮዱን ትሰጠዋለህ፣ ወዲያው ቁጥር ይሰጥህና ፕሮምፕቱን (ትእዛዝ የምትጽፍበትን መስመር) ይለቅልሃል። ቁጥሮቹ 1፣ 3፣ 5 እያሉ ቢዘሉ አይግረምህ፤ እያንዳንዱ ጆብ ሥሩ ልጅ ጆብ አለው፣ የተዘለለው ቁጥር የእሱ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስታርት-ጆብ የሚከፍተው ሌላ አዲስ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሠራ ሌላ ፓወርሼል) ስለሆነ፣ አንተ መስኮት ላይ ያለውን ቫሪያብል (ዋጋ ያስቀመጥክበትን ስም) አያውቀውም። “$ፎልደር\*” ብለህ ብትልክለት ቫሪያብሉ እዚያ ባዶ ነውና “\*” ብቻ ይቀራል፣ ያ ማለት ደግሞ የድራይቩ ሥር ነው፤ ምንም ኤረር ሳያሳይ ያላዘዝከውን ፋይል ሃሽ ሲያደርግ ይውላል! መፍትሔው $ዩዚንግ:ፎልደር ብሎ መጻፍ ነው። ፓዙንም (የፎልደሩን አድራሻ) ሙሉውን ስጠው፤ በፓወርሼል 5.1 ጆቡ የሚነሳው አንተ ካለህበት ሳይሆን ከዶኩመንትስ ፎልደር ነው።

ውጤቱን የምትወስደው በሪሲቭ-ጆብ ነው። አንዴ ከወሰድክ ግን ጆቡ ውስጥ አይቀመጥም፣ ኪፕ (አስቀምጥ) ካላልከው በቀር። እኔ በቀጥታ ቫሪያብል ውስጥ እከተዋለሁ፣ ይቀለኛል።

ደግሞ ኮምፕሊትድ (ተጠናቋል) የሚለውን ዝም ብለህ አትመን። አንድ ፋይል ሳይነበብ ቢቀርም ጆቡ ኮምፕሊትድ ነኝ ይልሃል። ኤረርአክሽን ስቶፕ (ስህተት ሲገጥምህ ቁም) ብትለው ፌይልድ (አልተሳካም) ይላል፣ ግን በአንድ ፋይል ምክንያት ፎልደሩ በሙሉ ይቆማል። እኔ የመረጥኩት ለየፋይሉ ትራይ እና ካች (ሞክር፣ ስህተት ከመጣ ያዘው የሚል ኮድ) አድርጌ ያልተነበበውን ስም እንዲጽፍልኝ ነው። ጠዋት የማየው ያን ዝርዝር ብቻ ነው።

ጆብ ማብዛት ሁልጊዜ ፍጥነት አይሆንም። እያንዳንዱ ሙሉ ፕሮሰስ ስለሆነ ሚሞሪ ይጨርሳል። ፓወርሼል 7 ላይ ስታርት-ስሬድጆብ አለ፤ እዚያው ፕሮሰስ ውስጥ ስለሚሠራ ቀለል ይላል፣ ካልነካኸው በአንድ ጊዜ 5 ብቻ ያስኬዳል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ፋይሎቹ ያሉት አንድ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ግን 5ቱም ይበዛል፤ የዲስኩ ማንበቢያ ወዲያና ወዲህ ሲል ጭራሽ ይዘገያል። እኔ ስሮትልሊሚቱን (በአንድ ጊዜ የሚሄዱትን ጆቦች ገደብ) ወደ 2 አወረድኩት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ መስኮቱን ከዘጋኸው ጆቦቹም አብረው ይሞታሉ። ኮምፒውተሩን ለቀህ የምትሄድ ከሆነ ሥራውን ለታስክ ስኬጁለር (ሥራን በቀጠሮ ለሚያስኬደው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ስጠው።