እናቴ የጠየቀችው ጥያቄ

ባለፈው ዓመት አንድ ባጃጅ እናቴን ገጭቶ እግሯን ሰበረና አመለጠ። ሹፌሩ የጎረቤታችን ልጅ መሆኑን ያወቅነው በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ከመታሰሩ በቀር ሌላ ነገር አልታየኝም።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ልጁ ከኋላቸው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። እናቴ ስለ ካሳ አላነሳችም። «ልጄ፣ ስወድቅ አይተኸኝ ነበር?» አለችው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አይቻለሁ እማማ። እርስዎ መሆንዎንም አውቄያለሁ። ፈራሁ» አላት።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። «ድንጋዩን አውርዱለት» አለች።

የሕክምናውን ወጪ ቤተሰቡ ሊሸፍን፣ እሱም እስክትድን ውሃ ሊቀዳላት ተስማሙ። የፖሊስ ምርመራው ለብቻው ቀጠለ፤ እርቅ የወንጀል መደበቂያ እንዲሆን አልፈልግም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከቁጥር 3318 ጀምሮ ለአስታራቂዎች ቦታ ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን ባሏ የሚደበድባት ሴት «ለልጆችሽ ስትይ» ተብላ በሽማግሌ ወደዚያው ቤት ስትመለስም አይቻለሁ። ያ እርቅ አይደለም፣ አፍ ማስያዝ ነው። እናቴ እኮ «አይሆንም» ብትል ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ይመለሱ ነበር።

ልጁ ዛሬም ጄሪካኑን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «እማማ፣ እግርዎ እንዴት አደረ?» አላት።