ኤድንብራ ላይ የተገደለውን ልጅ ፍለጋ

ወደ ስኮትላንድ ዋና ከተማ ወደ ኤድንብራ የወሰደኝ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ዊሊያም ዳግላስ ይባላል፤ ከንጉሡ ጋር እራት እንዲበላ ተጠርቶ ሲገደል ዕድሜው 16 ዓመት ገደማ ነበር። ከተማዋን ቁልቁል የሚያየው የዓለት ላይ ግንብ ውስጥ ስገባ ጎብኚው ሁሉ ወደ ዘውዱ ማሳያና ወደ ትልቁ መድፍ ይጎርፍ ነበር። እኔ የጠየቅሁት የዳዊት ግንብ የት እንደሆነ ነው።

ብዙ ሰው ያ እራት የተበላው በትልቁ አዳራሽ ይመስለዋል። አዳራሹ ግን የተሠራው ከ70 ዓመት በኋላ ነው። በልጁ ዘመን ነገሥታቱ የሚኖሩበት የዳዊት ግንብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1573 በመድፍ ፈርሶ ፍርስራሹ ከአዲሱ ምሽግ ሥር ተቀበረ፤ የተገኘውም በ1912 ነው። የቀረው ጨለማ ክፍልና እርጥብ ድንጋይ ነው። እጄን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ብዙ ቆየሁ።

በ1437 ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ፐርዝ ላይ ሲገደሉ አልጋ ወራሹ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አገሪቱን በእንደራሴነት ያስተዳድሩ የነበሩት የዊሊያም አባት አርኪባልድ ዳግላስም በ1439 በትኩሳት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሕፃኑን ንጉሥ የያዘ ሥልጣኑን ያዘ፤ ቻንስለሩ (የመንግሥቱ ከፍተኛ ሹም) ዊሊያም ክሪክተንና ተቀናቃኙ መኳንንት አሌክሳንደር ሊቪንግስተን ልጁን እንደ ዕቃ ይነጣጠቁት ጀመር። ዊሊያም ደግሞ የስኮትላንድን ደቡብ ከሞላ ጎደል የሚገዛውን ቤት ወርሷል። በዚያ ዕድሜው ያን ያህል መሬትና ያን ያህል ጦር መያዙ ብቻ ሁለቱን ሰዎች እንቅልፍ የሚነሳ ነበር።

ኅዳር 24 ቀን 1440፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከንጉሡ ጋር ማዕድ እንዲቀርብ ተጠራ። ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን አስከትሎ መጣ። ንጉሡ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው፤ እንግዶቹም ልጆች ናቸው። ወንድማማቾቹ ተይዘው፣ ለይስሙላ ችሎት ቀርበው፣ በአገር ክህደት ተፈርዶባቸው አንገታቸው ተቀላ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አማካሪያቸው ማልኮም ፍሌሚንግም ተከተላቸው።

የሞት ምልክት ሆኖ ገበታው ላይ ቀረበ የሚባለውን የጥቁር በሬ ራስ አስጎብኚዎች ሁሉ ይተርኩታል። ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች የጨመሩት ነገር ነው። እኔ ባይጨምሩት እመርጥ ነበር፤ የሰውን ዓይን ከልጆቹ ወደ በሬው ይወስደዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የዳግላስን ማዕረግ የወረሱት የልጁ አያት ወንድም፣ ወፍራሙ ጄምስ የሚባሉት ናቸው። የገዛ ሥጋቸው ሲታረድ ለበቀል ሰይፍ አልመዘዙም። ብዙ የታሪክ ሰዎች በሴራው ነበሩበት ብለው ይጠረጥሯቸዋል። እኔም እንደዚያው አምናለሁ። የጋሎዌይ ርስት ለልጁ እኅት ለማርጋሬት ደርሶ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የወፍራሙ ጄምስ የበኩር ልጅ አገባትና ርስቱም ወደ ዳግላስ ቤት ተመለሰ።

በማግስቱ ላናርክ ላይ አውቶቡስ ቀይሬ ወደ ዳግላስ መንደር ሄድኩ። በቅድስት ብሪጂድ ቤተ ክርስቲያን የቤተሰቡ መቃብር አለ። ወፍራሙ ጄምስ ከባለቤታቸው ጋር በድንጋይ ተቀርጸው ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ከሥራቸው ዐሥሩ ልጆቻቸው ተደርድረዋል። ከእነዚያ ልጆች መካከል ማርጋሬትን ያገባው ዊሊያም ይገኝበታል። እሱም በ1452 ስተርሊንግ ላይ በንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ እጅ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ንጉሡ በዚያ ኅዳር ማዕድ ላይ የተቀመጠው የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር።

የሁለቱ ወንድማማቾች ሐውልት እዚያ የለም። አባታቸው አርኪባልድ ግን አሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተጋድመዋል። ሌላ የምቆምበት ቦታ ስላልነበረ በእሳቸው እግርጌ ቆምኩ። የማማው ሰዓት እንደ ልማዱ ሦስት ደቂቃ ቀድሞ እስኪደውል ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።