«በጣም» አልኩ

ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ምንም አልሆንኩም እኮ። የሐዋሳ ሐይቅም ዛሬ እንደኔ ነው፣ አመድ መስሎ ተኝቷል።

ከሥራ ስወጣ ያቺ የለመድኳት ካፌ ገባሁ። ማኪያቶዬ በብርጭቆ መጣ። በብርጭቆ! «ከዛሬ ጀምሮ በወረቀት ኩባያ ብቻ» ብለው የለጠፉት ማስታወቂያ ተገንጥሎ፣ ግድግዳው ላይ አራት የፕላስተር ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። ጋሼዎቹ ናቸው ያስመለሱት። እነዚያ በረንዳው ላይ የሚውሉት ጡረተኞች። ባለቤቱን አስጠርተው «እኛ በካርቶን አንጠጣም» አሉት፣ ከዚያ ተያይዘው ማዶ ካለው ካፌ ገቡ። ሳምንት አልፈጀም።

ይሄኔ ኮካ ትዝ አለኝ። በ1985 እ.ኤ.አ. የ99 ዓመት ጣዕሙን ቀየርኩ ያለ ጊዜ። በግምትም አልነበረም፤ 200 ሺህ ገደማ ሰው አስቀምሶ፣ አዲሱ ጣፈጥ ስለሚል ብዙው ወዶለት ነው። ሰው የለመደው ሲወሰድበት እንዴት እንደሚሆን ግን በቅምሻ አይታወቅም። ድርጅቱ በቀን 400 ስልክ ይደወልለት የነበረው 1,500 ደረሰ። በ79 ቀኑ አሮጌው ተመለሰ። አውቀው ያደረጉት ነው የሚል ሐሜትም ተነሳ፤ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ኪዮ ያን ያህል ጅልም፣ ያን ያህል ብልጥም አይደለንም ብሎ መለሰ።

እኔን የያዘኝ ግን የደዋዮቹ ነገር ነው። ለለስላሳ ብሎ ስልክ የሚያነሳ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ እንደሆንኩ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሳ ገበያ፣ ዓሳው መሃሉ ጥሬ ሆኖ ቢመጣልኝ ዳር ዳሩን በልቼ «ይጣፍጣል» የምል ነኝ። ፀጉር ቆራጩ አንዱን ጎን አጉድሎ መስታወት ሲያሳየኝ «አሪፍ ነው» ብዬ አመስግኜዋለሁ። የምናደደው እቤት ገብቼ ነው፣ እሱም ድምፄን ቀንሼ፣ አከራዬ እንዳይሰሙኝ። ደንበኛው ሁሉ እንደኔ ቢሆን ኖሮ ዓለም እስከዛሬ አዲሱን ኮካ ይጠጣ ነበር። እያማረረ።

ሂሳብ መጣ። ከወረቀት ኩባያው ጋር የገባችው አምስት ብር ጭማሪ እዚያው አለች። ብርጭቆው ተመልሷል፣ ዋጋው አልተመለሰም። ዞሬ ጋሼዎቹን አየሁ። በድላቸው እየተሳሳቁ ነው፣ ልብ ያሉትም አይመስሉ። ልንገራቸው እንዴ?

«ተመቸህ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

«በጣም» አልኩ። አሥር ብር ቲፕ ጥዬ ወጣሁ።