ጌት የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንደለመድኳት

እንግሊዝኛ ስማር በጣም ያስቸገረኝ ረጅምና ከባድ ቃል ሳይሆን ጌት (get) ናት። ዲክሽነሪ ስትከፍቱ ማግኘት፣ መቀበል፣ መድረስ፣ መሆን፣ መግዛት፣ መረዳት እያለ ይቀጥላል፣ ያንን ሁሉ ብትሸመድዱትም ሰው ሲያወራ የቱ እንደሆነ እስክታስቡ ወሬው ጥሏችሁ ይሄዳል።

ስለዚህ ትርጉሟን ትቼ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ማየት ጀመርኩ። ጌት ኤ ጆብ ሲባል ስም ነው የተከተላት፣ ስለዚህ ማግኘት ናት። ጌት ሆም ከሆነ ቦታ ስለሆነ መድረስ። ታየርድ ወይ ኮልድ ከተከተላት ደግሞ ደከመ፣ ቀዘቀዘ ማለት ነው፣ እዚህ ጋ ጌትን ለብቻዋ መተርጎም አያስፈልግም፣ የኛ ግስ ውስጥ አለች።

ከሁሉም በላይ የገባኝ ግን የአማርኛ ግስ መጀመሪያ ላይ የሚገቡትን "ተ" እና "አስ"ን ሳስብ ነው! (ጎት የጌት ያለፈ ጊዜ ናት።) አይ ጎት ፔይድ ማለት ተከፈለኝ ነው፣ ኢት ጎት ብሮክን ተሰበረ፣ ማለትም የኛን "ተ" ስራ ትሰራለች። አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን ደግሞ አስፈረምኩት፣ አይ ጎት ማይ ፎን ፊክስድ ስልኬን አሰራሁ፣ ይሄ ደሞ የ"አስ" ስራ ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ መሃል የገባው ፈራሚው ሰውዬ ከሆነ ቱ የግድ ነው፣ የሚጠገነው ስልክ ከሆነ ግን ቱ የለም፣ ፊክስድ ነው የሚመጣው። በሜክ ከሆነ ሜክ ሂም ሳይን ነው ያለ ቱ፣ ስሜቱም ይለያል፣ ጌት አግባብቶ ማስፈረም ስትሆን ሜክ ብዙ ጊዜ ማስገደድ አለባት።

ልምምዱን ሰብታይትል ባለው ቪዲዮ ነው የሰራሁት፣ ጌት ባለች ቁጥር ፖዝ አድርጌ አረፍተ ነገሩን ጮክ ብዬ በአማርኛ እላለሁ፣ ከዛ ከአማርኛው መልሼ በእንግሊዝኛ። መልሶ ማለቱ ነው ትልቁ ስራ፣ ማዳመጥ ብቻውን አፍ አያስፈታም።

እንደ ጌት አሎንግ (መስማማት)፣ ጌት ሪድ ኦፍ (ማስወገድ) ያሉት ግን በዚህ ዘዴ አይፈቱም፣ እነሱን እንደ አንድ ቃል ቆጥሬ የራሴን አረፍተ ነገር እየሰራሁ ነው የያዝኳቸው። ጎተን የምትለዋን ስትሰሙም አትደንግጡ፣ አሜሪካኖች ጋ የጌት ሶስተኛ ፎርም ናት፣ እንግሊዞቹ ጎት ነው የሚሉት። ለስራ ማመልከቻ ስጽፍ ግን ጌትን ቀንሼ ሪሲቭ (መቀበል)፣ ኦብቴይን (ማግኘት)፣ ቢካም (መሆን) እያልኩ እለያቸዋለሁ፣ ጌት ለወሬ ነው የምትመቸው።