ኮከቧ የፋይል ስም ስትሆን

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር የውርጭና የአጨዳ ወር እንጂ የዝናብ ወር አይደለም። ከየወረዳው የሚደርሰኝን የዝናብ መዝገብ የሚደምርልኝ የባሽ ስክሪፕት (ባሽ በሚባለው ሼል፣ ማለትም የተጻፉ ትዕዛዞችን በሚያስፈጽም ፕሮግራም፣ የሚሠራ የትዕዛዞች ዝርዝር) ግን ይህን አያውቅም፤ ሌሊት ሌሊት «ኅዳር-*» የሚለውን ንድፍ፣ ማለትም በ«ኅዳር-» የሚጀምር ማንኛውንም ስም፣ ተከትሎ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይከፍትና ውጤቱን «ድምር» በሚባለው ፎልደር ውስጥ በየስማቸው ያስቀምጣል። ባለፈው ኅዳር መዝጋቢዎቹ ዝናብ ስላልጣለ ምንም አልላኩም ነበር፤ እኔም ፋይል ከሌለ ስክሪፕቱ ዝም ብሎ ያልፋል ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ፎልደሩን ስከፍት ስሙ ቃል በቃል «ኅዳር-*» የሆነ ባለ 0 ባይት ፋይል ጠበቀኝ። ባሽ ለንድፉ የሚገጥም ፋይል ሲያጣ ንድፉን እንዳለ፣ ከነኮከቡ፣ ለትዕዛዙ ያስረክባል። ስለዚህ ስክሪፕቱ አንድ ጊዜ እንኳ መሥራት ሳይገባው አንድ ጊዜ ሠራ፤ ደማሪው ፕሮግራም «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎ ቢያማርርም፣ ውጤቱ የሚጻፍበትን ፋይል ሼሉ ቀድሞ ፈጥሮት ነበር።

የባሰው ስሰርዘው መጣ። በዚያ ሳምንት ከሞላሌና ከአንኮበር ዘግይተው የደረሱት መዝገቦች ተደምረው እዚያው ተቀምጠው ሳለ፣ በመሰረዣው ትዕዛዝ «አርኤም ኅዳር-*» ብዬ፣ ኮከቧን ተራ ምልክት የሚያደርጋትን ጥቅስ ሳልጨምር፣ ጻፍሁ። ኮከቧ አሁን የምትገጥመው ስላገኘች ሁሉንም ጠራርጋ ወሰደች። ደግነቱ ዋናዎቹ መዝገቦች ሌላ ቦታ ነበሩ።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የመጀመሪያ ዓመታት ንድፉን የሚዘረዝረው ግሎብ የሚባል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር፤ አንድም ፋይል ካላገኘ ይህንኑ ተናግሮ ትዕዛዙን ያስቀር ነበር። ንድፉን እንዳለ ማሳለፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር በወጣው የቦርን ሼል ተስፋፋ፤ ባሽም ወረሰው። ሌላው ሼል፣ ዚ ሼል፣ ዛሬም ስህተት ነው ብሎ ይቆማል፤ በእኔ አስተያየት ትክክለኛው እሱ ነው።

ባሽ «ነልግሎብ» የተባለ ምርጫ አለው፤ ሲበራ ያልገጠመው ንድፍ ድራሹ ይጠፋል። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ለሚከፍተው ድግግሞሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን የፋይል ስም ያልቀረለት የመዘርዘሪያው ትዕዛዝ «ኤልኤስ» ፎልደሩን በሙሉ ይዘረዝራል፣ የፋይል ይዘት የሚያሳየው «ካት» ደግሞ ከኪቦርድ ጽሑፍ እየጠበቀ ይገተራል። «ፌይልግሎብ» ግን እንደ ዚ ሼል ያስቆማል። እኔ ሁለቱንም ትቼ በድግግሞሹ መጀመሪያ ፋይሉ በእርግጥ መኖሩን የሚጠይቅ አንድ መስመር ጨመርሁ፤ መዝጋቢዎቹም ዝናብ በሌለበት ወር 0 ጽፈው እንዲልኩ ተስማምተናል።