በአፏ የምትጎርሰዋ ጠመንጃ፣ ስምንተኛ ወር ላይ

ሰላም ናችሁ ወገን፣ ባለፈው የዛገ ብረት ብቻ አሳይቻችሁ ጠፋሁ አይደል፣ ይኸው መጣሁ። ለአዲሶቹ ባጭሩ፣ ጎንደር ነኝ፣ ሥራዬ እንጨት ነው፣ በርና መስኮት፣ አልፎ አልፎ ቁምሳጥን። ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም ነበር። አጎቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላ የኖረች የቅድመ አያቴ ነፍጥ አለች፣ እንደ ውጅግራ ከኋላ ጥይት የሚገባባት አይደለችም፣ ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዟ ነው የምትጎርሰው። ሰደፏ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ቃታዋ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይወላልቃል። እሷን ላክማት ብዬ ነው ነገሩ የተጀመረው። (ከመጀመራችን በፊት ግን ወረቀት ጨርሰናል። መያዝም መጠገንም ፈቃድ ይፈልጋል፣ የጦር መሣሪያ አዋጁን፣ 1177/2012ን አንብቡት። አጎቴ ሄዶ እስኪያስጨርስ ድረስ አንድ ብሎን አልነካሁም።)

አሁን ወደሚያስደነግጠው ልግባ። ጎርሳ ነበር።

አዎ ጎርሳ! ያን ሁሉ ዓመት ግድግዳ ላይ፣ ልጆች ከሥሯ ሲንጫጩ፣ እኔ ራሴ በልጅነቴ ሰርቄ አውርጄ ወንድሜ ላይ እያነጣጠርኩ "ዷ!" ስል፣ ለካ ሆዷ ውስጥ ባሩድና እርሳስ አለ። ይህን ያገኘው እኔ አይደለሁም፣ ወደ ወለቃ በኩል ያሉ አንድ አዛውንት ባለ እጅ (ብረት ቀጥቃጭ) ናቸው። እኔ ስለ ሰደፉ ስንጥቅ እየለፈለፍኩ እሳቸው አፈሙዟን ከፊታቸው ወደ ግንቡ አዙረው ዝም ብለው አይተው አይተው "ምነው ልጀ፣ ሆዷን ሳታይ ነው እንዴ አንገቷን የምታክማት?" አሉኝ።

ዘዴው ቀላል ነው፣ ማንም አሮጌ ነፍጥ ያለው ሰው ዛሬውኑ ይሞክረው፣ ግን ፊታችሁን ከአፈሙዙ አርቁ። ቀጭን የወይራ ዘንግ በአፈሙዙ ቀስ ብሎ እስኪቆም ማስገባት፣ አፉ ላይ ምልክት ማድረግ፣ አውጥቶ በውጭ በኩል ከቱቦው ጋር ማስተያየት። ባዶ ከሆነች የዘንጉ ጫፍ ኋላ፣ እሳቱ የሚገባበት ቀዳዳ አካባቢ ይደርሳል። የእኛዋ ሰባት ሴንቲሜትር ቀርቷታል። ባሩድ፣ ጨርቅ፣ እርሳስ፣ ጨርቅ፣ በትክክል ሰባት ሴንቲሜትር።

ማውጣቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እኔ ጅሉ "እሳት አሳይተን እናሙቃትና ትለቃለች" ብዬ ነበር፣ አዛውንቱ በዓይናቸው ብቻ ገደሉኝ። ጥቁር ባሩድ ሲያረጅ አይሞትም፣ ደርቆ ከተቀመጠ መቶ ዓመትም ቆይቶ ይቀጣጠላል። ስለዚህ በአፈሙዟም በኋላ ቀዳዳዋም ውሃ አጠጣናት፣ ዘይት ጨመርንባት፣ ለቀናት አቆምናት፣ እንደገና ውሃ። ከዚያ ጫፉ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ እርሳሱ ውስጥ ገብቶ ነክሶት ተጎተተ። መጀመሪያ ጨርቅ ወጣ፣ ቀጥሎ ድብልብል እርሳስ፣ ቀጥሎ ሌላ ጨርቅ፣ መጨረሻ ጥቁር ጭቃ። ጨርቁን ሳጥበው የሸማ ቁራጭ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ጥለት አለው። እናቴ ተቀብላኝ ሌማቱ ላይ ዘርግታ ብዙ ቆየች፣ የማን ቀሚስ ወይ የማን ነጠላ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን የለም።

አሁን ወደ ታሪኳ። በቤታችን "መቅደላ ከቴዎድሮስ ጋር ነበረች" ትባላለች፣ አጎቴ ጠጅ ሲቀምስማ ሴባስቶፖልን ጎትታ ያመጣቻት እሷ ናት። ዝገቱን በነጭ ጋዝና በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ቀስ እያልኩ ሳነሳ (በሞረድ እንዳትነኩ፣ ጽሑፉን ትበሉታላችሁ) ቱቦው ላይ እንቁላል መሳይ ክብ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደላት ወጡ፣ ኢ፣ ኤል፣ ጂ፣ ከላያቸው ዘውድ። ይሄ የቤልጅግ ከተማ የሊዬዥ የፍተሻ ማህተም ነው፣ እዚያ የተሠራ ቱቦ ከመሸጡ በፊት በከባድ ባሩድ ተተኩሶ ተፈትኖ ነው የሚመታበት። ችግሩ ዘውዱ ነው። ዘውዱ የተጨመረው በ1885 ዓ.ም. ነው፣ መቅደላ የወደቀችው በ1860። ሃያ አምስት ዓመት ዘግይታለች እመቤቲቱ! በዚያ ጊዜ ሊዬዥ በአፍ የሚጎርስ ጠመንጃ ለአፍሪካ ገበያ እየሠራች ትልክ ነበር፣ ፈረንጅ ራሱ ከተወው ቆይቷል። ይህን ለአጎቴ በፍርሃት ነገርኩት፣ አንድ ደቂቃ ዝም አለና "እንግዲያውስ አድዋ ናት!" ብሎ ተነስቶ ፎከረ። ምን ትሉታላችሁ።

ግን መቅደላ ስትነሳ አንድ ነገር ሞከርኩ። መቅደላ አጠገብ፣ እሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ሰናድር ነበር፣ ከኋላ የሚጎርስ፣ በደቂቃ አስር ያህል ይተኩሳል። የቴዎድሮስ ሰው አብዛኛው የያዘው በአፍ የሚጎርስ ነው፣ የለመደ ሰው ቢበዛ በደቂቃ ሦስት። ቁጥሩን ሳነበው ብዙም አልተሰማኝም ነበር። ከዚያ ባዶ መሆኗን ሁለቴ ካረጋገጥን በኋላ በባሩድ ፈንታ ጤፍ፣ በእርሳስ ፈንታ የሰም ድብልብል አድርጌ በስልክ ሰዓት ያዝኩ። ማፍሰስ፣ ጨርቅ፣ ሰም፣ በዘንግ መጠቅጠቅ፣ ዘንጉን መመለስ (ዘንጉን መመለስ ትረሳለህ!)፣ ቃታ መሳብ። የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ከምናምን፣ ከሃያ ሙከራ በኋላ ሃምሳ ሰከንድ። ጓሮ ውስጥ፣ ማንም ሳይተኩስብኝ፣ ቆሜ። ተንበርክኬ ስሞክር ጤፉ መሬት ፈሰሰ፣ እናቴም ስለ ጤፍ ዋጋ አስተማረችኝ። በእሮጌ ቁልቁለት ላይ የሮጡትን የቴዎድሮስ ሰዎች ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ ዓይን ነው የማስባቸው።

ሰደፉ የእኔ ሙያ ስለሆነ ፈጠን ብዬ ልለፈው። የድሮ ሚስማር ተመትቶበት ስንጥቁን አብሶታል፣ ነቅዬ በኮላ ዘጋሁትና አንገቱን በጠፍር ጠቀለልኩት። ጠፍሩ እርጥብ ሆኖ ነው የሚታሰረው፣ ሲደርቅ ራሱን እየሰበሰበ የትኛውም ሞርሳ የማይሰጠውን ጉልበት ይሰጣል፣ በጠፍር አልጋ ላይ የተኛ ያውቀዋል። ከዚያ የተልባ ዘይት፣ በጣም በስሱ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩ፣ በራሱ ሙቀት እሳት ይነሳል፣ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። እኔ ጢሱን አሽትቼ ነው የተማርኩት፣ ሌላ አልጨምርም።

ቀንደኛ ችግር የሆነብኝ የቃታው ሞላ ነው። እንደ ቪ የታጠፈ ጠፍጣፋ ሞላ ነው፣ የድሮው ለሁለት ተሰብሯል። የመኪና ባሌስትራ ወፍራም ስለሆነ ከአሮጌ መጋዝ ቆርጬ አጠፍኩ። አንደኛው፣ ቀይ አድርጌ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ገና ስጭነው እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ሁለተኛው፣ ዘይት ውስጥ ነከርኩት፣ ግን መልሼ ሳሞቀው አበዛሁበት፣ ታጥፎ እንደታጠፈ ቀረ። አዛውንቱ ሳቁብኝና "ብረት ቀለሙን ይነግርሃል፣ አንተ ግን ታወራለህ" አሉ። በዘይት ከነከርክ በኋላ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳው፣ ቀስ ብለህ አሙቀው፣ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ ሲሆን እዚያው አቁም። ሦስተኛው ይኸው አንድ ወር ሆነው፣ ቃታዋ "ቀጭ" ስትል ቡና የሚጠጣው ሰው ሁሉ ዞር ይላል። (እኚህን ዓይነት ሰዎች ነው አገራችን "ቡዳ" እያለ ሲሸሻቸው የኖረው፣ ማረሻውንም ጦሩንም ከእጃቸው እየገዛ።)

መች ትተኩሳታለህ ለምትሉኝ፣ አልተኩሳትም። ቱቦውን ካጸዳን በኋላ በመብራት ስናየው የፊቱ ደህና ነው፣ ባሩዱ ተቀምጦበት የኖረው ኋላው ግን እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ያ ጉርሻ እርጥበት እየጠጣ ስንት ዓመት ውስጥ ውስጡን ሲበላት ኖሯል፣ ግፊቱ ደግሞ ከምንም በላይ የሚበረታው እዚያው ላይ ነው። ጉንጬን እዚያ አጠገብ አስደግፌ የምሞክርበት ምክንያት አይታየኝም። አጎቴ አኩርፏል፣ ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ድረስ ተሸክሟት ሊሄድ አስቧል፣ ባዶዋን ከሆነና ከፈቀዱለት ይሸከማት።

አሁን የቀረኝ ካፕሱሏ (ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) የምትደፋባት ጡት መሳይ ብረት ናት። ጥርሷ ዝጎ አልፈታ ብሏል፣ በካቻቢቴም በቁልፍም አትነቃነቅም፣ በኃይል ባዞራት እንደምትቆረጥ ታስታውቃለች። ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ቀላቅዬ በቀን ሁለት ጊዜ ጠብ አደርግባታለሁ፣ ዛሬ አስራ አንደኛ ቀኗ ነው። ከእናንተ መሐል እንዲህ ያለ ሳይሰብር የፈታ ካለ ይንገረኝ፣ በመዶሻ ምታት የምትሉኝ ግን ተዉኝ።